ጀልባው በወንበር ይሸጥ

ለኦሮሚያ ቱሪዝም ኮሚሽን፣
ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን፣
በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ለሚገኙ የዞን ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ በምዕራቡ ውኆች ላይ የሚጀመር የጀልባ ጉዞ ብቻውን የሚሳፈረውን ሰው ከወዲሁ እንዲያስብ ስለ መጠየቅ

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከግድቡ ኋላ ስለ ተኛው ውኃ የሚወራው ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘውና 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ንጋት ሐይቅ ዓሣ የሚወጣበት፣ ጀልባ የሚመላለስበትና እንግዳ የሚያርፍበት እንዲሆን ታስቧል። ሐይቁ ያለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው፤ ይሁን እንጂ ከወለጋ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ፊንጫ ከሆሮ ጉዱሩ ወርዶ፣ አንገርን ያስከተለው ደዴሳ በምሥራቅና በምዕራብ ወለጋ መካከል ተሻግሮ፣ ዳቡስም ከምዕራቡ ጫፍ መጥቶ ሁሉም ዓባይ ይገባሉ። ከአዲስ አበባ በዚህ መስመር ወደ አሶሳ የሚሄድ መኪናም ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ ነጆንና መንዲን ሳይረግጥ አያልፍም። በወለጋ ውስጥም ቢሆን ፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጠናቀቅ የጮመንን ረግረግ የዋጠ ትልቅ ሐይቅ ፈጥሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የነሼ ግድብ ተጨምሮበታል። ስለዚህ በእነዚህ ውኆች ላይ ሰው ለጉብኝት የሚሳፈርበት ቀን ሩቅም ይሁን ቅርብ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም በሩ የሚሆኑት የወለጋ ከተሞች ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ቀን ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር እንዲወሰን ለመጠየቅ ነው፤ የጀልባው ዋጋ በጀልባ ሳይሆን በወንበር እንዲተመን።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። በአገራችን ሐይቆች ላይ ጉዞ እንዴት እንደሚሸጥ ያየ ሰው ግን ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃል። ባሕር ዳር ላይ ወደ ጣና ገዳማት የሚወስደው የሽርሽር ጀልባ በአብዛኛው የሚያዘው በኮንትራት ነው፤ አምስት ሰው ቢሆን ዋጋውን አምስቱ ይካፈሉታል፣ አንድ ሰው ቢሆን ያንኑ ዋጋ አንዱ ይሸከማል። አርባ ምንጭ ላይ በጫሞ ሐይቅ አዞና ጉማሬ ለማየት የሚወጣውም እንዲሁ ነው። ልማዱ በውኃ ላይ ብቻም አይቆምም፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የአስጎብኚውና የታጠቀው ጠባቂ ክፍያ ለቡድኑ አንድ ሆኖ ሲቆረጥ ብቻውን የመጣው እንግዳ የቡድን ዕዳ ይከፍላል። ማንም ሊጎዳው ብሎ ያወጣው ደንብ አይደለም። ነዳጁ አንድ ሰውም ተጫነ አምስት ያው ነው፤ ባለ ጀልባው ልጆቹን የሚያሳድገው ከዚያው ገቢ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። የእኔ ክርክር ግን ከዚያው ተረት ይነሣል። ሃምሳውን ሎሚ ለሃምሳ ሰው የሚያድል ሥርዓት ማቆም የማን ሥራ ነው? የብቸኛው ተጓዥ ሊሆን አይችልም። እሱ በማያውቀው ከተማ ወደብ ላይ ቆሞ አራት የማያውቃቸውን ሰዎች ፈልጎ፣ ለምኖና አስማምቶ ጀልባ እንዲሞላ መጠበቅ የአገልግሎት ሰጪውን ሥራ ለደንበኛው መስጠት ነው።

ይህን ሥራ አገልግሎት ሰጪው እንዲሠራ ማድረግ እንደሚቻል ለወለጋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በየማለዳው በነቀምቴ መናኸሪያ ይሠራል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ በደሌ የሚሄደው ሰው በአብዛኛው ብቻውን ነው፤ ወደ ተመደበበት ትምህርት ቤት የሚሄድ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ነጋዴ፣ ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ ተማሪ። ማንኛቸውም «የመኪናውን ሙሉ ሒሳብ ክፈል» አይባሉም። ታሪፍ አለ፣ ስምሪት አለ፣ ወረፋ አለ፤ ረዳቱ ይጣራል፣ መኪናው ይሞላል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ለሦስት ሰዓት ጎረቤት ይሆናሉ። ኮንትራት መያዝ የፈለገም ይይዛል፤ ኮንትራቱ ግን ምርጫ እንጂ ብቸኛ በር አይደለም። አንድ የመንገድ ትራንስፖርት ሥርዓት ለብቻው የሚጓዘውን ሰው ያለ ቅጣት ማጓጓዝ ከቻለ፣ ጎማው በሞተር ጀልባ ሲተካ ይህ ሥርዓት የማይቻል የሚሆንበት ምክንያት አላይም። የተለየው ልማዱ ብቻ ነው።

አልጋ ቤቶቻችንም የሚመሰክሩት አንድ ነገር አላቸው። በዓለም ላይ ባሉ ትልልቅ የመርከብ ሽርሽር ኩባንያዎች ዘንድ የክፍል ዋጋ የሚሰላው ሁለት ሰው ያድርበታል ተብሎ ነው፤ ብቻውን የሚያድር ሰው የነጠላ ተጨማሪ ክፍያ ይጣልበታል፣ አንዳንዴም የሁለት ሰው ዋጋ እስኪሆን ድረስ። በወለጋ ከተሞች ግን አልጋ የሚከራየው ለአንድ ሰው ነው። አልጋ ቤቱን ያቆመው ውሎ አበሉን ይዞ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቡና ሊገዛ የወጣ ነጋዴ፣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ የሚያድር ሾፌር ነው፤ ሁሉም ብቻቸውን ናቸው። እንዲያውም በብዙ ቦታ ጥያቄ የሚነሣው ሁለት ሰው አንድ አልጋ ሊይዝ ሲል ነው። ይህ ያልተነገረለት ሀብት ነው። የመርከብ ኩባንያዎቹ ዛሬ በብዙ ወጪ ሊፈጥሩት የሚሞክሩትን ነገር የእኛ ከተሞች ያለ ጥናት ኖረውበታል። እናንተ በሐይቆቹ ዳር አዳዲስ ማረፊያዎች እንዲሠሩ ስትፈቅዱ ይህ ልማድ እንዲጠፋና በምትኩ የባዕዱ የጥንድ ዋጋ እንዲገባ ከፈቀዳችሁ፣ በእጃችን ያለውን ትተን ሌሎች እየሸሹት ያለውን እንቀበላለን።

እየሸሹት ነው ያልኩት በዋዛ አይደለም። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኤፒክ የተባለችውን መርከብ ሲያስወጣ ለብቸኛ ተጓዦች ብቻ የተሠሩ 128 ትናንሽ ክፍሎች አስገባባት፤ ብቻቸውን የመጡ ሰዎች የሚገናኙበት የጋራ ሳሎንም ጨመረላቸው። ኩዊን ሜሪ 2 የተባለችው ታዋቂ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2016 ስትታደስ 15 የነጠላ ክፍሎች ተሠሩላት። እነዚህ ኩባንያዎች ትርፍ እንጂ ምጽዋት የሚያስቡ አይደሉም፤ ብቻውን የሚሄደው ሰው ቁጥሩ እየበዛ መሄዱንና ዋጋው ሲስተካከልለት ደጋግሞ እንደሚመጣ ስላዩ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ ደግሞ በዓባይ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ለእኛ የሚቀርበውም እሱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የግብፅን ጥንታዊ ቦታዎች በወንዝ ሊያይ የሚፈልግ ሰው ዳሃቢያ የሚባለውን የሸራ ጀልባ ከነመርከበኞቹ ለወራት ይከራይ ነበር። ያን ማድረግ የሚችለው ባለጸጋ ብቻ ነበር። ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1869 በእንፋሎት መርከብ የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች ይዞ ወጣ፤ ያመጣው ለውጥ ጀልባውን መከራየት ላልቻለ ሰው በጀልባው ላይ አንድ ቦታ መሸጡ ነው። ወንዙ ያው ወንዝ ነበር፤ የተለወጠው የሚሸጠው ነገር ነው። የግብፅ የወንዝ ቱሪዝም ከዚያ በኋላ ነው ለመካከለኛው ኑሮ ሰው የተከፈተው። የኩክ ንግድ ከቅኝ ገዥነት ጋር የተያያዘ ታሪክ እንዳለው አውቃለሁ፤ የምወስደው የአሻሻጡን ትምህርት ብቻ ነው።

ለወለጋ የወንዝ መርከብ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቅደው፣ ጋምቤላ ተቆረቆረች። ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እዚያ ድረስ ይደርሱ ነበር። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሸክም ወደ ጋምቤላ ወርዶ በመርከብ ይሄዳል፤ ጨውና ጨርቅ በዚያው ይመጣል። ደምቢ ዶሎ፣ በያኔው አጠራር ሳዮ፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች የሚመላለሱባት የንግድ ከተማ የሆነችው በዚያ መስመር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ደምቢ ዶሎ የገባው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢም የመጣው ከሱዳን በዚሁ አቅጣጫ ነው። ይህን የማነሣው መርከቡ ይመለስ ለማለት አይደለም። ያ መስመር ለአሥርታት የኖረው ጭነትንም ሰውንም አንድ ላይ ስለ ጫነና መምጫው ወራት የታወቀ ስለ ነበር መሆኑን ለማሳየት ነው። ነጋዴው ከሳዮ በቅሎውን ጭኖ የሚወርደው መርከቡ በየትኛው ወቅት እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ነው። ቀኑ የታወቀ ነገር ሰውን ይሰበስባል፤ ኮንትራት ግን የሚንቀሳቀሰው አንድ ባለገንዘብ ሲመጣ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባለ ጀልባዎች እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። «ቀን ቆርጠን ብንወጣና ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣ ኪሳራውን ማን ይችለናል?» ይላሉ። መልሱን በአኃዝ ልሞክር፤ አኃዙ ለስሌት የተወሰደ እንጂ የየትኛውም ቦታ ዋጋ አይደለም። አሥር ሰው የሚጭን ጀልባ ለአንድ ጉዞ 5,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል፤ ነዳጁ፣ የሾፌሩ ድካም፣ የሞተሩ ዕድሜና ትርፉ ተደምሮ። ወንበሩ በ500 ብር ቢሸጥ ጀልባው ሁልጊዜ ካልሞላ ይከስራል፤ ባለ ጀልባው የሚፈራውም ይህን ነው። ነገር ግን ታሪፉ በስድስት ሰው ቢሰላ አንዱ ወንበር 840 ብር ገደማ ይሆናል። ስድስት ሰው ከመጣ ወጪው ከነትርፉ ተሸፈነ፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው የመጡበት ቀን አራት ሰው ብቻ የመጣበትን ቀን ያካክሳል። ብቸኛው ተጓዥ ደግሞ 5,000 ሳይሆን 840 ብር ይከፍላል፤ በኮንትራት ዋጋ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄድ የነበረው ሰው አሁን ደንበኛ ነው። ዛሬ ባለው አሠራር ባለ ጀልባው ያተረፈ የሚመስለው ሳይሳፈር የተመለሰው ሰው በየትኛውም ደብተር ስለማይመዘገብ ነው። የተሳፈረውን እንጂ የተመለሰውን የሚቆጥር የለም።

ሁለት ሰው ብቻ የመጣበት ቀንም ቢሆን መፍትሔ አለው። ቦታው አስቀድሞ በቴሌብር ቢሸጥ ባለ ጀልባው ማታውኑ ስንት ሰው እንዳለው ያውቃል፤ ካነሰ ትንሹን ጀልባ ያወጣል፣ ወይም ወደ ሌላ ቀን ያዛውራል። የጀልባ ማኅበራቱም ከየወንበሩ ሽያጭ ትንሽ እየቆረጡ ለደካማ ቀን የሚሆን የጋራ ገንዘብ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ዕቁብና ዕድር ያቆመ ሕዝብ ይህን ለመሥራት አማካሪ አይፈልግም። ከሁሉም በላይ ግን ጀልባው ለጎብኚ ብቻ አይቁም። የኖርዌይን የባሕር ዳር መስመር እዩት፤ በ1893 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ዛሬ ከበርገን እስከ ቺርከኔስ 34 ወደቦችን የሚነካው አገልግሎት ጭነት፣ የአገሬውን መንገደኛና ጎብኚውን በአንድ መርከብ ያጓጉዛል። ከአንዱ ወደብ እስከሚቀጥለው ብቻ የሚሄድ ሰው ያለ መኝታ ክፍል ይሳፈራል፤ ጉዞውን ሁሉ የሚሄደውም ክፍል ይይዛል። አንዱ የሌላውን ወንበር ባዶነት ይሸፍንለታል። ጣና ላይም ከባሕር ዳር በቁንዝላና በደልጊ አድርጎ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው የሕዝብ መርከብ ገበሬውን ከነእህሉ ሲያመላልስ የኖረ ነው። በቅርቡ ደግሞ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ወደ ጣና የተወሰደችው ጣናነሽ 2 ከ180 በላይ ሰው ትይዛለች፤ እንዲህ ያለ መርከብ በኮንትራት ሊሸጥ አይችልምና በወንበር መሸጡ ግዴታ ነው። ትንንሾቹ ጀልባዎች ከትልቋ የሚማሩት ይህን ነው።

ለፊንጫ ሐይቅ ይህ ነገር ከንግድ ያለፈ ትርጉም አለው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ያ ሐይቅ ሲሞላ የግጦሽ መሬትና የእርሻ ማሳ ሰጥሟል፣ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሥተዋል፣ ቀድሞ በእግር የሚገናኙ መንደሮች በውኃ ተለያይተዋል። የዚያ ግድብ መብራት አዲስ አበባ ሲደርስ የሐይቁ ዳር ሰው ያገኘው ከዓሣው በቀር ብዙ አልነበረም። አሁን በዚያው ውኃ ላይ የሽርሽር ጀልባ ይመጣል ብንል፣ ለሽርሽር ብቻ የሚከራይና የሐይቁ ዳር ሴት ወደ ገበያ ስትሄድ የማይጭናት ጀልባ ከሆነ፣ በመጀመሪያው በደል ላይ ሁለተኛ ይጨመራል። በወንበር የሚሸጥ ጀልባ ግን ገበያተኛዋንና ጎብኚውን አንድ ላይ ያስቀምጣል። ታሪፉ ለነዋሪ አንድ፣ ለጎብኚ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ፍትሐዊ ነው። ጀልባው ግን አንድ ይሁን። በገበያ ቀን ገበያተኛዋ ጀልባውን ስለምትሞላው ብቻውን የመጣው እንግዳ ወንበር ያገኛል፤ እንግዳው ከእሷ የበለጠ ስለሚከፍል የእሷ ታሪፍ ዝቅ ይላል። ከዚህ የተሻለ መደጋገፍ በየትኛው ፕሮጀክት ሰነድ እንደሚገኝ አላውቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ባህላችን ነው። እኛ በማኅበር የምንበላ፣ በማኅበር የምንሳለም፣ በማኅበር የምንዝናና ሕዝብ ነን፤ ብቻውን ሽርሽር የሚወጣ ሰው ወይ የከፋው ነው ወይ የባዕድ ልማድ ያገኘው ነው፤ ለእሱ ተብሎ ደንብ አይወጣም ይባላል። የማኅበራዊ ኑሯችንን ዋጋ ዝቅ አላደርግም። ነገር ግን ብቻውን የሚጓዘው ሰው ማን እንደሆነ በደንብ እንየው። ባሏ የሞተባትና ልጆቿን ድራ የጨረሰች እናት ናት። ሳያገባ ዕድሜው የገፋ መምህር ነው። ሚኒሶታ ወይም ኦስሎ ለሃያ ዓመት ሠርቶ የእናቱን አገር ሊያይ የመጣ፣ ጓደኞቹ ግን የተበተኑበት የወለጋ ልጅ ነው። የሥራ ዕረፍቷ ከባልንጀሮቿ ዕረፍት ጋር ያልገጠመላት ነርስ ናት። አንዳቸውም ከማኅበር የሸሹ አይደሉም፤ ማኅበሩ በዚያ ቀን አልተገኘላቸውም። በወንበር የሚሸጥ ጀልባ ለእነሱ ማኅበር ይሰጣቸዋል፤ ኮንትራት ደግሞ ዘጠኝ ባዶ ወንበር ያለው ጀልባ ላይ ብቻቸውን ያስቀምጣቸዋል። ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የሚጨነቅ ሰው ሊመርጠው የሚገባው የመጀመሪያውን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ወለጋ ባለፉት ዓመታት በግጭት ክፉኛ ተጎድታለች። ሰው ተገድሏል፣ ተፈናቅሏል፣ ታግቷል፤ መንገድ ተዘግቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ለወራት ኢንተርኔትና ስልክ ተቋርጦ እናት ከልጇ ሳትገናኝ ከርማለች። «ሰው ከነቀምቴ ጊምቢ ሲሄድ ልቡ በማይረጋበት አገር ስለ ጀልባ ወንበር ታወራለህ ወይ?» የሚለኝን ሰው አልቆጣውም። ሰላም ሳይጸና ሰውን ወደ ውኃ ዳር ጥሩ አልልም፤ ማንም ኃላፊነት የሚሰማው ሰው አይልም። የምለው ደንቡ ከጀልባው ይቅደም ነው። በሌሎች ሐይቆቻችን ላይ እንደታየው ማኅበራት በኮንትራት አሠራር ከተደራጁ፣ ብድር ከወሰዱና ወረፋቸውን ከተካፈሉ በኋላ ዋጋውን መለወጥ ከባድ ነው፤ ጥቅም የተተከለበትን ነገር መንቀል ራሱ ሌላ ጠብ ያመጣል። ዛሬ ግን በእነዚህ ውኆች ላይ የሚነቀል ነገር የለም። ይህ የጭንቅ ጊዜ ለጽሕፈት ሥራ የሚሆን ጊዜ ነው፤ ቀለምና ወረቀት ኬላ አያልፉም።

ለደኅንነት ሲባልም ቢሆን የወንበሩ አሠራር ይሻላል። ብቻዋን የመጣች ሴት በኮንትራት ስትሳፈር ከማታውቃቸው ሁለት ወንዶች ጋር፣ ስሟ በየትም ሳይመዘገብ፣ ከዳር ወደማይታይ ውኃ ትሄዳለች። ቀኑ በታወቀ፣ ሰዓቱ በተለጠፈ፣ የተሳፋሪው ስም በተጻፈበት ጀልባ ላይ ግን ከገበያተኞች፣ ከቤተሰቦችና ከሌሎች መንገደኞች ጋር ናት፤ ጀልባው በሰዓቱ ካልተመለሰ የሚጠይቅ አለ። ጉማሬና አዞ ባለበት ውኃ፣ ድንገት ማዕበል በሚነሣበት ሰፊ ሐይቅ ላይ የተሳፋሪ ስም ዝርዝርና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሕይወት አድን ጃኬት መኖር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። የአገር ውስጥ ውኃ ትራንስፖርትን የሚቆጣጠረው የማሪታይም ባለሥልጣንም በተመዘገበ መስመር የሚሄድን ጀልባ መቆጣጠር ይቀለዋል፤ በየቀኑ በየአቅጣጫው በስምምነት የሚወጣን ኮንትራት ግን ማን ይከተለዋል? ከአቅም በላይ መጫንም በወንበር የሚሸጥ ጀልባ ላይ ሊመጣ የሚችል አደጋ መሆኑን አልክድም፤ የመናኸሪያችን ትርፍ ጭነት ውኃ ላይ ቢደገም እልቂት ነው። ስለዚህ ወንበሩ ተቆጥሮ በጀልባው ጎን ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ከዚያ ያለፈ ሰው የጫነ ፈቃዱን ይነጠቅ። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የኦሮሚያ ቱሪዝም ኮሚሽን በፊንጫና በነሼ ሐይቆች ላይ ለሚሰጠው ማንኛውም የጀልባ ፈቃድ፣ ቢያንስ በሳምንቱ የታወቁ ቀናት በወንበር የሚሸጥ ጉዞ እንዲኖር ግዴታ ያስገባ፤ በቀሩት ቀናት ኮንትራቱ ለሚፈልገው ይቀጥል። ታሪፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ በወደቡና በነቀምቴ፣ በባኮ፣ በሻምቡና በጊምቢ መናኸሪያዎች ይለጠፍ፤ የአውቶቡሱ መድረሻ ሰዓትና የጀልባው መነሻ ይገናኙ፤ አለበለዚያ ብቸኛው ተጓዥ ሐይቁን ከማየቱ በፊት ለመኪና ኮንትራት ይከፍላል። የአስጎብኚ ክፍያም በሰው ይቆረጥ። በሐይቅ ዳር የሚሠሩ ማረፊያዎች ነጠላ አልጋን በነጠላ ዋጋ እንዲያከራዩ በውላቸው ይግባ። ንጋት ሐይቅ የሌላ ክልል ቢሆንም የወለጋ ዞኖች መግቢያ በር ናቸውና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጋር አብረው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ጉዳይ አላቸው፤ የማሪታይም ባለሥልጣንም ለሁለቱ ክልሎች አንድ የተሳፋሪ ደንብ ሊያወጣላቸው ይችላል። ይህን ለመጀመር ግድብም ሆነ ሪዞርት አያስፈልግም። የፊንጫ ሐይቅ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ እዚያው ነው፤ የገበያ ቀኑም ይታወቃል። በአንድ ጀልባ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ወንበሩ ተቆጥሮና ዋጋው ተለጥፎ ሙከራው በዚያ ይጀመር ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።